ምሰሶው ላይ የታሰረው መርከበኛ

ካፒቴን ሃርግሪቭ በባለ ሸራ መርከቡ ኦፒየም የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ ጭኖ አንድ የቻይና ወደብ ላይ መልሕቁን ጣለ። ከጭነቱ ሰርቆ ሲያጨስ የተያዘውን መርከበኛም «ይህ መርዝ ሰዎቼን ይጨርስብኛል» ብሎ ምሰሶ ላይ አሰረና ያስገርፈው ጀመር። ወዲያው ሣጥኖቹን ወደ ባሕሩ ዳር እንድታደርስለት አንዲት ጀልባ ቀዛፊ ባልቴት አስጠራ። እሷም መርከቡ ላይ ስትወጣ መርከበኛው ለምን እንደሚገረፍ ሰማች።

«እኔ መርዝ አልጭንም» አለችው ባልቴቲቱ።

ካፒቴኑ ተቆጣ። «ማን መርዝ ነው አለሽ? ለወገኖችሽ ያመጣሁት ፍቱን መድኃኒት ነው። እምቢ ካልሽ ጀልባሽን አሰምጠዋለሁ።»

ባልቴቲቱ ወደ ምሰሶው ቀና ብላ አየችና እጅ ነሥታ መለሰች፤ «እሺ ጌታዬ፣ እጭናለሁ። ግን ወገኖቼ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ያ ሰውዬ የሚገረፈው መድኃኒትዎን አጭሶ ስለታመመ ነው ወይስ ስለዳነ?»