የውኃ አባት እጅ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሳው ከቦይ ግርጌ፣ ውኃ ዘግይቶ ከሚደርስበት። አንተ «ሐሰትነቱ በዓይን የታየ ነገር እንዴት ሕዝብን ሲገዛ ይኖራል?» ብለህ እኔን መምህርህን ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ስማ። ደግሞ እየተቁነጠነጥህ አይደለም፤ ተቀመጥ።

በገበሬው አገር አንድ ምንጭ ነበር። ክረምት ሲገባ ጎርፍ እንዳያፈርሰው የቦዩ አፍ በድንጋይ፣ በግንድና በጭቃ ይደፈናል፤ በጋ ሲመጣ ይከፈታል። የሚከፍተው ግን ያገኘ ሁሉ አይደለም። ቦዩን መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ዘር ብቻ ነው፤ እሱም የውኃ አባት ይባላል። ሌላ እጅ የነካው እንደሆነ ምንጩ ይደርቃል ይባል ነበር። በዚያ አገር ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም።

እንግዲህ ከዚህች አንዲት ቃል ምን ምን እንደበቀለ ተመልከት። የሚከፍተው እሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያጠጣውም የውኃ አባት ቤት ነው። ቀድሞ ያጠጣ ቀድሞ ገበያ ይወጣል፤ ሽንኩርቱን ገና ውድ ሳለ ይሸጣል። በዚህ ሀብታም ሆነ። ሀብታም ሲሆን ዳኝነቱም ወደ እሱ ሄደ። ልጅ ያለው ሁሉ ከዚያ ቤት ለመጋባት ይሻማ ጀመር። በየዓመቱ ደግሞ እያንዳንዱ አባወራ ሁለት ሁለት ቀን እየሄደ ያርስለታል፤ ለምን ሲባል «ውኃችን ነዋ!» ይላል። ይህን ያዘዘ ንጉሥ የለም፣ ጅራፍ ይዞ የቆመ ወታደርም የለም።

አንድ ዓመት የውኃ አባት ታሞ አልጋ ያዘ። አንድያ ልጁ ደግሞ በቅሎ ጭኖ ለንግድ ቆላ ወርዷል። ቢላክበት አልመጣም። የክረምቱ እርጥበት ሳያልቅ የተተከለው የሽንኩርት ችግኝ ቢጫ እየሆነ ሄደ።

ገበሬው መቀመጥ አቃተው። ከዚህ ሽንኩርት ሌላ ልጆቹን የሚያበላበት አልነበረውም። ጠዋት ማሳው ላይ ቆሞ ቅጠሉን ይዳብሳል፤ ከዚያ ወደ ቦዩ አፍ ይወጣል፤ ከጭቃው ወዲያ የተጠራቀመውን ውኃ አይቶ ይመለሳል፤ ደግሞ ይወጣል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነክቶህ ነው? እግርህ እኮ አለቀ!» ትለዋለች። ወደ አገሩ ሽማግሌዎች ሄዶ ቢለምናቸው «ልጁ እስኪመጣ እንጠብቅ» አሉት። «ሽንኩርቱስ ይጠብቃል ወይ?» ብሏቸው ወጣ።

ከእሱ ማሳ በታች የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ማሳ ነበር። «ወንድምዓለም፣ እስከ ነገ ካልጠጣ ነቅለን ለከብት መስጠታችን ነው» አለችው። እሱም ዶማውን አነሣና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ወጥቶ የቦዩን አፍ ናደው።

ውኃው ወረደ። ጩኸት ሆነ፤ ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ ምንጩ ሮጠ። ዙሪያውን ከበው እስኪደርቅ ይጠብቁ ጀመር። አንድ ቀን ዋሉ፣ ሁለት ቀን ዋሉ፣ ሦስተኛም ዋሉ። ምንጩ መንፎልፎሉን አልተወም። ገበሬው በመጀመሪያው ቀን በፍርሃት ሊሞት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ደረቱ ሰፋ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ ብሎ አሰበ። ከእንግዲህ የደረሰበት ሁሉ ይከፍታል፣ ውኃውም በዕጣ ይሆናል፣ የሁለት ቀኑ እርሻም ይቀራል። ለሴትዮዋ ይህንኑ ሲነግራት ከደስታዋ የተነሣ እልል አለች። አየህ፣ እሱም ልክ እንዳንተ ነበር የመሰለው።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ጨንቋቸው ወደ በሽተኛው ገቡ። የውኃ አባት ተኝቶ ሰማቸው። ሰውዬው ሞኝ አልነበረም። ምንጩ በባዳ እጅ ከፈሰሰ ቤቱ ያለውን ሁሉ እንደሚያጣ ወዲያው ገባው። ጥቂት አሰበና «እንዴት ዘነጋችሁት? የእኛው ሥጋ እኮ ነው! አያቱ የአባቴ እኅት አይደለችም ወይ?» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። «አላልኋችሁም? ግንባሩን አላያችሁም? ቁርጥ እነሱን!» ይባባሉ ጀመር። አንደኛው እንዲያውም አያቲቱን በልጅነቴ አውቃታለሁ ብሎ ማለ። የገበሬው አያት ግን ከወንዝ ማዶ በጋብቻ የመጣች፣ ከዚያ ቤት ጋር በምንም የማትዛመድ ሴት ነበረች።

ገበሬውን በሕዝቡ ፊት አቁመው «እውነት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁት። አይደለም ያለ እንደሆነ እጁ የባዳ እጅ ነው፤ ቦዩ ተመልሶ ይደፈናል፣ እሱም ምንጭ ሊያደርቅ የደፈረ ተብሎ ካገር ይባረራል። አዎን ካለ የመጀመሪያው ውኃ ከነገ ጀምሮ የእሱ ነው። ሴትዮዋ ከሰው መካከል ቆማ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ፊቷን እንድታዞርለት ፈለገ፤ አላዞረችም።

«አዎን» አለ።

በዓመቱ የውኃ አባት ሞተ፤ ልጁም ቆላ አግብቶ እዚያው ቀረ። ስለዚህ የሚከፍተው ገበሬው ሆነ። ዳኝነቱም መጣለት፣ የሁለት ቀኑ እርሻም መጣለት፣ ሴት ልጁንም ከትልቅ ቤት ጠየቁለት። አንድ በጋ ችሎት ተቀምጦ የሰው ነገር ሲያይ ቦዩን ሳይከፍት ቆየ። ሴትዮዋ ደጁ ብትመላለስ «ነገ» ይላታል። ነገሩ ሲመርራት ዶማዋን ይዛ ወጣች። ወሬው ሲደርሰው ጋቢውን ጥሎ እየሮጠ ደረሰ።

«ተይ! አትንኪው! ይደርቃል!» ብሎ ጮኸ።

«ወንድምዓለም፣ እዚህ እኮ ያለነው አንተና እኔ ብቻ ነን» አለችው፤ «አንተ ስትከፍተው ደርቆ ነበር?»

«የኔ እጅ ሌላ ነው» አላት።

ልብ አድርግ፣ ማስመሰሉ አልነበረም። ከዚያ አገር ሰው ሁሉ ይልቅ ሐሰትነቱን የሚያውቀው እሱ ነበር፤ አሁን ከሁሉም ይልቅ ከልቡ የፈራው እሱ ሆነ። ዶማውን ከእጇ ቀማትና እያለቀሰች ሰደዳት።

እንግዲህ ልጄ፣ የጥያቄህ መልስ ይኸው ነው። ሕዝብ ያመነው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ዓይኑን የከፈተ ቀን ይወጣለት ነበር። ነገር ግን ማሳ ውስጥ ገብቷል፣ ችሎት ላይ ተቀምጧል፣ ልጅ ከልጅ አጋብቷል። ሐሰትነቱን ብታሳየው ሐሰቱን በመተው ፈንታ ዘር መቁጠር ይጀምራል። ይህን የምነግርህ እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም። «የኔታ ያልመረቁት ተማሪ ትምህርት አይገባውም» ስለሚባል ነው ከፊት የምቀመጠው። ውሸት ነው የሚል ተማሪ ቢመጣብኝ እንዴት እንደምቆጣ ሳስበው ራሴን እፈራዋለሁ።

አንተ ደግሞ በመጪው ወር አገርህ መርጦህ ሸንጎ ልትገባ ነው። ለምን እንደመረጡህ አንተም እኔም እናውቃለን፤ «ከአባትህ ቤት የተወለደ አይበድልም» ስለሚባል ነው። ዛሬ ጠዋት ይህን ሲሉህ ሰምቻለሁ። አልተቃወምህም፤ ፈገግ ብለህ አመሰገንሃቸው እንጂ።