ከሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት የተመለሱት ሊቀመንበር

አቶ ልሳነወርቅ በሳይንሳዊ ልቦለድ ወዳጆች ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ በሚሳሱለት የብረት ሮቦት ተፈንክተው ሞተው ተገኙ። ሮቦቱን ሽጡልኝ እያሉ ሲለማመጧቸው የኖሩት ሊቀመንበሩ አቶ ዘውገ፣ መርማሪው ገና ከመግባቱ የማኅበሩን የጠፈር ልብስ የምታጥበው ሴት ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ገዳይዋ እሷ ናት!»

«እርስዎስ የት ነበሩ?» አለ መርማሪው።

ሊቀመንበሩ ከካርቶን የሠሩትን የጊዜ ማሽን ደባበሱ። «እኔማ በዚህ ተሳፍሬ ሦስት ሺህ ዓመተ ምሕረት ደርሼ መመለሴ ነው!»

አባላቱ ሁሉ አጨበጨቡ፤ መርማሪውም ተደንቆ ካቴናውን ለአጣቢዋ አወጣ።

«እስቲ አልሄዱም በይ!» ብለው ሊቀመንበሩ አፈጠጡባት።

አጣቢዋ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ኧረ ሄደዋል ጌታዬ፣ ማን ይጠራጠራል? ግን ያን ያህል ዘመን አልፎ፣ ገዳዩ ማን እንደነበር የሚነግርዎ አንድ ሰው ጠፋ? ወይስ የራስዎ ስም ሲጠራ ሰምተው ነው እየሮጡ የተመለሱት?»