ከዘላዩ ሥር የቆመው ማን ነው?

አንድ ኮርማክ የሚባል ስመ ጥር ኳስ ተጫዋች በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኝ መንደር ይኖር ነበር። በዚያ አገር በሚወደደው ጨዋታ ኳሷን በእግር ይለጓታል፣ በእጅም ይቀልቧታል። ኮርማክ ታዲያ ኳስ ከላይ ስትወርድ ከሁሉም በላይ ዘሎ ከአየር ላይ የሚነጥቅ፣ ጭልፊት የመሰለ ሰው ነበር። ለመንደሩ ብዙ ዋንጫ አስገኝቶ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጫማውን ሰቀለ። የመንደሩ ሰዎችም «የምታውቀውን ለልጆቻችን አስተምርልን» ብለው አሰልጣኝ አደረጉት።

እሱም የሚያውቀውን አስተማረ። ረጃጅሞቹን መርጦ አጫጭሮቹን አሰናበተ። ልምምዱ ሁሉ መዝለል፣ መቅለብ፣ እንደገና መዝለል ሆነ። ልጆቹ እንደ እሱ ዘለሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ በለጡት። ነገር ግን ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ቡድኑ ከሽንፈት አልተላቀቀም። ሰዉ አፍ አውጥቶ ባይናገርም ኮርማክን ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ልጆቹን በረገመ ነበር። እሱን ግን ከንዴት ይልቅ ጥያቄ ያዘው። «እኔ የዘለልኩትን ያህል ይዘላሉ። እኛ እናሸንፍ ነበር፤ እነሱ ለምን ይሸነፋሉ?» ሲብሰለሰል ከርሞ፣ በወጣትነቱ አብሮት ይጫወት የነበረውን ቲርናንን ፍለጋ ወደ ወደቡ ወረደ። ቲርናን አጭር ሰው ነው፤ ዓሣ አጥምዶ ያድራል። በተጫወተበት ዘመንም ስሙን የሚያነሳ እምብዛም አልነበረም።

«ቲርናን፣ እኔ ስዘል አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

ቲርናን ከሚጠግነው መረብ ቀና አለ። «ይገርማል! ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጀርባህን አይ ነበር። ኳሷ ካመለጠችህ የት እንደምትወድቅ ጀርባህ ይነግረኛል። ቀድሜ እዚያ እደርሳለሁ።»

«ታመልጠኝ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ስንቴ!» ብሎ ሳቀ ቲርናን። «አንተ የምታስታውሰው የቀለብካትን ነው። ያመለጠችህን እኛ ስለምናነሳት፣ ማምለጧንም ሳታውቅ ቀረህ።»

ኮርማክ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አፈረ፤ ከማፈሩ ግን መገረሙ በለጠ። ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተውን ጨዋታ ግማሹን አላየውም ለካ! «ሌሎቹስ ምን ያደርጉ ነበር?» እያለ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሲደራርብ ዋለ።

በማግሥቱ ያሰናበታቸውን ልጆች በየቤታቸው ዞሮ ለመናቸው። አንዱ በሩን ዘጋበት። ሌላው «አትጠቅምም ብለውኝ አልነበር?» አለው።

«ብዬህ ነበር። ሳላውቅ ነው ያልኩህ፤ ይቅር በለኝ» ሲል መለሰ።

የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ በልምምድ ላይ የሚዘለው አንድ ብቻ ሆነ። ኮርማክም በሜዳው ዙሪያ እየተሯሯጠ ሌሎቹን «ባያገኛትስ? እናንተ የት ናችሁ?» እያለ ይጮህባቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ። ቀጣዩንም ለጥቂት ተረቱ። ቀስ በቀስ ግን ማሸነፍ ለመዱና ለዋንጫ ደረሱ። በዚያ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ኳሷ ወደ ላይ ስትለጋ ተመልካቹ ሁሉ አንጋጠጠ፤ ኮርማክ ብቻውን ወደ መሬት ያይ ነበር። ዘላዩ ሳታት። ሣሩን ሳትነካ ግን ከሥሩ የቆመው ልጅ ቀለባትና ወደ ግቡ ለጋት፤ የማሸነፊያዋ ነጥብ ተቆጠረች፣ ዋንጫውም ወደ መንደሯ ገባ።

ሰው የሠራውን ሲቆጥር በእጁ የገባውን ብቻ ይቆጥራል። ያመለጠውን ያነሱለትን ግን አያያቸውም፤ ስላላያቸውም ሁሉን በራሱ ጉልበት ያገኘው ይመስለዋል። ማወቅ የሚጀምረው ዞር ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው።

እናንተስ? በሳታችሁ ጊዜ ከሥራችሁ ቆሞ የነበረው ማን ነው? ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?