የወይዘሮ ዓለምሸት መኝታ ቤት በር

በአንድ ወቅት ነፋሱ ጋቢ ከትከሻ ገፍፎ በሚወስድባት ደጋ ከተማ አቶ ሽመክት የሚባሉ አናጢ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መጋዙ ከመስመር እየወጣ አስቸገራቸው፤ ሥራ ቤታቸውን ከሦስት ልጆቻቸው ለአንዱ ማስረከብ ግድ ሆነባቸው። ሥራ ቤቱ እንደሆነ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ለሦስት ብትካፈል ለማንም አትሆንም። ልጆቹ ደግሞ አይስማሙም። ታላቁ ጉልላት ከዋንዛ በቀር እንጨት የተፈጠረ አይመስለውም። ተከታዩ ቢያድግልኝ የእንጨት ፍቅፋቂ በኮላ ተጨፍልቆ ከሚሠራው ቺፑድ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። ትንሿ ሐመረ አባቷ የሰጧትን ሁሉ ትሠራለች፤ እቤት ስትገባም ታማሚ እናቷን ታስታምማለች። አቶ ሽመክት ማታ አንዱን መርጠው ይተኛሉ፣ ጠዋት ሐሳባቸውን ለውጠው ይነሣሉ።

በዚህ መሃል የባለቤታቸው የወይዘሮ ዓለምሸት መኝታ ቤት በር አርጅቶ ከማጠፊያው ተገነጠለ። ወይዘሮ ዓለምሸት ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪሙም ነፋስ እንዳይነካቸው አጥብቆ አስጠንቅቋል።

ጉልላት ይህን እንዳየ መሰላል አቁሞ ወደ ጣሪያው ሥር ወጣ። ለሠርግ አልጋው ብሎ ለዓመታት ያደረቀው የዋንዛ ሳንቃ እዚያ ነበር። እጮኛው አልጋውን እንደምትጠብቅ እያወቀ አወረደው። ያለ ምስማር፣ በመሮ እየፈለፈለ፣ አንዱን ከአንዱ እያገጣጠመ ይሠራል፤ ሥራው ያምራል፣ ግን አይፈጥንም። እናቱ ብርድ ልብስ በተጋረደበት ክፍል ይስላሉ። አቶ ሽመክት ሥራ ቤት ሄደው ልጃቸውን ያያሉ፣ ተመልሰው ሳሉን ይሰማሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ።

«ልጄ፣ ቶሎ በል እንጂ!»

«አባዬ፣ እንጨት አይቸኮልበትም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ሽመክት ወደ ሳሉ ተመለሱ።

ቢያድግልኝ ግን ሳሉን መቻል አቃተው። ገበያ ወርዶ ቺፑድ አመጣ፤ ለክቶ ቆርጦ በዚያው ከሰዓት በሩን ገጠመው። ፀጉር የማያሳልፍ በር! ወይዘሮ ዓለምሸት ሳይስሉ አደሩ። አቶ ሽመክት በሩን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው «ካርቶን!» ብለው አሽሟጠጡ፤ እንዲህ ይበሉ እንጂ ያን ሌሊት እሳቸውንም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጉልላት አኩርፎ መላጉን ቀጠለ።

የበዓል ዋዜማ ደረሰ። ሐመረ እንደ ልማዷ ጠዋት ወለሉን ለማጠብ ባልዲ ውሃ ቸለሰችበት። የድሮው በር ስንት ዘመን ሲረጭበት ኖሯል፤ አዲሱ ከምን እንደተሠራ፣ ያውም አናጢ ሆና ሳለች፣ ረሳችው። ውሃው ደፉ ላይ አቆረ፤ ቺፑዱ ከሥሩ ጠጥቶ ጠጥቶ አበጠና በሩ ወለሉን ነክሶ ተቀረቀረ። ውስጥ ወይዘሮ ዓለምሸት ተኝተዋል። አጠገባቸው አቶ ሽመክት ይሙቃቸው ብለው ያስገቡት የከሰል ማንደጃ አለ። ነፋስ እንደ ልቡ በሚገባበት ዘመን ያ ከሰል ማንንም አልጎዳም፤ አሁን ግን ክፍሉ ታፍኗል።

«በሩን ክፈቱልኝ... ራሴን አዞረኝ...»

አቶ ሽመክት ገፉት፣ አልነቃነቅ አለ። በትከሻቸው መቱት። ፈሩ፤ በጣም ፈሩ፤ ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር የሚያደርጉት ጠፋቸው። ሐመረ መጥረቢያ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ከበሩ ራቂ!»

አንድ ሁለቴ ብትመታው ቺፑዱ ተፈረካከሰ። እናቷን ጎትታ ግቢው መሃል፣ ቤተሰቡ ሲከላከልላቸው የኖረው ነፋስ ላይ አወጣቻቸው። በዚያው ነፋስ ነፍስ ዘሩ።

ጉልላት በማግሥቱ የዋንዛውን በር ጨርሶ ገጠመው። እንጨት በክረምት ያብጣል ብሎ ከሥሩ ትንሽ ክፍተት ትቶለታል። በሩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ወይዘሮ ዓለምሸትም ደህና ናቸው። የእጮኛው ቤተሰቦች ግን አልጋ ለሌለው ሙሽራ ልጅ አንሰጥም ብለው ሠርጉን አራዘሙት።

አባትየው ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«የእኔ በር ባይደርስላት እማዬ ያኔውኑ ታልቅ ነበር» አለ ቢያድግልኝ።

«ሊገድላት የነበረውም በርህ ነው» አለ ጉልላት።

«ያንተ ዋንዛ ቢሆን ኖሮ በመጥረቢያ ማን ይሰብረው ነበር?»

ሐመረ አንገቷን ደፋች። «ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ቀጥላም፣ «መጥረቢያውንም ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ሽመክት ጭንቅ ቢላቸው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ዓለምሸት፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

«እኔ ሦስቱንም ወልጃለሁ፤ እኔን አትጠይቀኝ» አሉ ወይዘሮ ዓለምሸት። «ከሰሉን ያስገባህ አንተ ፍረድ።»

አቶ ሽመክት ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሡ። አፋቸውን ከፍተው የአንዱን ስም ሊጠሩ ይሉና የሌላው ፊት ይመጣባቸዋል። እስቲ እናንተ አግዟቸው፤ ሥራ ቤቱ ለማን ይገባል? የሠርግ አልጋውን ለእናቱ በር ላደረገው፣ የእናቱን ሳል መቻል አቅቶት ለፈጠነው፣ ወይስ በገዛ ውሃዋ የዘጋችውን በር ሰብራ ለከፈተችው?