ያ የሚለፈልፈው ኮምፒውተር

አንዲት ሴት ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ፣ በሌላው እጇ በያዘችው ነጭ ዘንጓ እየተመራች፣ ሶዶ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለች አንዲት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ገባች።

ስሟን አልነግራችሁም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ታስተምራለች። ዓይኖቿ አያዩም። ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚላት፤ እኛም ቲቸር እንበላት።

ዓይኗ የማያይ ሰው ላፕቶፕ ምን ያደርግላታል? አንዳንዳችሁ ይህን እያሰባችሁ ነው። እኔም አስቤው ነበር። ላፕቶፑ ይናገራል። ቁልፍ በተጫነች ቁጥር የተጫነችውን ይነግራታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብላታል። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው። «አልፏል» የሚለውንም «ወድቋል» የሚለውንም በአንድ ዜማ ነው የሚያነበው። እሷ ግን ለምዳዋለች፤ ከብዙ ሰው ድምፅ ይልቅ ይህን ታምነዋለች።

ለምን ታምነዋለች? ከላፕቶፑ በፊት የተማሪዎቿን ማርክ ሌላ ሰው ነበር የሚሞላላት። እሷ በቃሏ ትናገራለች፣ ያኛው ይጽፋል። ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ ያስቀምጡና ጣቷን ይዘው «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይሏታል። ትፈርማለች። አንድ ዓመት የአንድ ተማሪ እናት እንቁላል ይዘው ቤቷ ድረስ ሊያመሰግኗት መጡ። ልጄን ሰባ አንድ ሰጥተሽ አሳለፍሽልኝ አሏት። ቲቸር ለልጁ የሰጠችው አርባ አንድ ነበር። ሠላሳውን ማን እንደጨመረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፊርማው ግን የእሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ማኅበር ላፕቶፑን የሰጣት። አራት ዓመት ሙሉ ማርኳን ራሷ መዘገበች፣ ጽፋ የጨረሰችውን ራሷ እየሰማች አረጋገጠች።

አሁን ላፕቶፑ ታመመ። ከመምህራን ማረፊያ ክፍል በፍላሽ የመጣ ቫይረስ ነው ይላሉ። አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፣ ከዚያ መሐል ላይ ዝም ይላል። የዓመቱ ማርክ ደግሞ ዓርብ መግባት አለበት። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። አትጨነቂ አሏት፤ ካልደረሰልሽ እንደ ድሮው ሰው ይሞላልሻል አሏት።

የድሮውን እሷ ታውቀዋለች።

ጠጋኙ ምናሴ ይባላል። ምናሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። ሙያውን ማንም አላስተማረውም፣ እየፈታ እየገጠመ የተማረ ልጅ ነው። ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለው፤ ፎርማት። ፎርማት ማለት፣ ለማታውቁት፣ ውስጡ ያለውን ጠርጎ ማጥፋትና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው። የዘገየ ላፕቶፕ ፎርማት ይደረጋል። የጋለ ፎርማት ይደረጋል። ሻይ የፈሰሰበትም ለማንኛውም አንድ ጊዜ ፎርማት ይደረጋል።

ኦርጅናል ሲዲው አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሁለት ሲዲ አብረው መጥተው ነበር። ወንድሟ ወስዶ ቲማቲም ማሳው ላይ ሰቅሏቸዋል፤ ሲያብረቀርቁ ወፍ ያባርራሉ። ምናሴ ይህን ሲሰማ አልሳቀም። ድሮም የጠየቀው ለወጉ ያህል ነው፤ በሥራ ዘመኑ ኦርጅናል ሲዲ ይዞ የመጣ ደንበኛ አይቶ አያውቅም። እሱ ራሱ ያለው በማርከር የተጻፈበት፣ ከጓደኛው የገለበጠው፣ ጓደኛውም ከሌላ የገለበጠው ሲዲ ነው። ፋይልዎን ለብቻው አስቀምጥልዎታለሁ፣ ማርኩ አይጠፋም፣ ነገ ይውሰዱት አላት። ቃሉንም ጠበቀ። አንድም ማርክ አልጠፋም።

ረቡዕ ተመልሳ መጣች።

«ጨርሻለሁ ቲቸር። ይዩት እንዴት እንደሚፈጥን» አላት፤ ወዲያው ያለው ነገር ለራሱም ተሰማውና አፈረ። ማፈሩን ለመሸፈን የሠራውን ዘረዘረላት። ቫይረሱ ጠፍቷል። ለመነሣት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስክሪኑም ባዶ እንዳይሆን ብሎ በራሱ ተነሣሽነት የፏፏቴ ሥዕል አድርጎላታል።

ቲቸር ተቀመጠች። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ተጫነች። ጠበቀች። ሌላ ቁልፍ ተጫነች።

«አያናግረኝም» አለችው።

«ይሠራል እኮ።»

«አያናግረኝም፣ ምናሴ።»

ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ፏፏቴው በቦታው አለ። የተጫነችው ሁሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይሠራል አላት እንደገና። እንደሚሠራ ሊያሳያትም ሞከረ። አስቡት እንግዲህ፣ እንደሚሠራ ሊያሳያት።

ከዚያ በድንገት ገባው። ወይም የገባው መሰለው።

«ያ የሚለፈልፈው ነው? እሱንማ አጥፍቼልዎታለሁ፣ ቲቸር። ዋናው ቫይረስ እኮ እሱ ነበር።»

ሳቁ ወገኖቼ፣ አልከለክላችሁም። እሷም ስታወራኝ ስቃለች። የዚያን ዕለት ግን አልሳቀችም። ልጁ በቅን ልቡ፣ በጥንቃቄ፣ በሙያው እየተደሰተ፣ የሴትየዋን ዓይን አጥፍቶ ፏፏቴ ሰጥቷታል።

ምን አደረገች? አልጮኸችም። አልሰደበችውም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣችና ስክሪኑ ላይ ጣለችበት።

«የአሥረኛ ቢ ክፍልን ማርክ ክፈትልኝ» አለችው።

ምናሴ ማውሱን ያዘ። ወደ ቀኝ ገፋው፣ ወደ ግራ ሳበው። አንድ ነገር ተጫነ፤ የተከፈተውን አላወቀም። ሌላ ተጫነ።

«የት እንዳለሁ አላውቅም እኮ፣ ቲቸር።»

«እኔስ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ምናሴ ይሠራል አላለም።

ማድረግ የነበረበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሚያነበውን ፕሮግራም መመለስ። ይህ አልከበደም፤ ማኅበሩ ጋ ደውላ በፍላሽ አስላከችው። ሁለተኛው ከበደ። በተገለበጠው ሲዲ የገባው ዊንዶውስ የላፕቶፑን ድምፅ ማውጫ አያውቀውም። ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ድራይቨር የሚሉት ነገር አለ፤ እሱ የነበረው ኦርጅናሉ ላይ ነው። ከኢንተርኔት እንዳይወርድ የከተማው ኢንተርኔት ሰኞ የሄደ ገና አልተመለሰም። ምናሴም እስከዚያ ቀን ድምፅን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም፤ ዘፈን ለሚሰማ ሰው ካልሆነ በቀር ለማን ይቸግራል ይል ነበር።

ሱቁን ዘግቶ በባጃጅ የወንድሟ ማሳ ድረስ ሄደ። ሲዲዎቹ አሉ። አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሁለተኛው ላይ ወፍ ቆማበት ነበር። አወረደው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ ይዞት መጣ። ላፕቶፑ ግን አላነበበውም።

ሐሙስ ጠዋት ምናሴ በከተማው ዞረ። በየቢሮው እየገባ የማያውቃቸውን ሰዎች ላፕቶፕ ያስገለብጥና ከሥሩ ያለውን የሞዴል ቁጥር ያነባል፤ ከቲቸር ላፕቶፕ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ድራይቨሩ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ምን ፈልገህ ነው ሲሉት፣ አንድ ሰው ላይ ያጠፋሁት ነገር አለ ይላል። አንዳንዱ ሌባ መሰለው። አንዱ ዘበኛ አስወጣው። ወደ ቀትር አካባቢ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጋ አንድ ዓይነቱን አገኘ። ድራይቨሩን በፍላሽ ገለበጠ።

ሲመለስ ቲቸር እየጠበቀችው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ሥራውን ብቻውን አልጀመረም። ከጎኑ ወንበር አስቀመጠላት። ይኼን ልጫነው? ይኼንን ላንሣው? ይኼ ይቅር ወይስ ይኑር? እሷ ሳትመልስ ጣቱን አያንቀሳቅስም። ፏፏቴውንም ላጥፋው ወይ ብሎ ጠየቃት። ተወው፣ እኔን አይረብሸኝም አለችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ላፕቶፑ ተናገረ። ምን አለ? «ሪሳይክል ቢን» አለ፤ የኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ማለት ነው። ለስብከት የሚሆን የተሻለ ቃል ቢናገር ደስ ባለኝ፤ የተናገረው ግን ይህንን ነው። ቲቸር በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ምናሴ ወደ ውጭ ወጥቶ ቆየ።

ዓርብ ዕለት ማርኩን ራሷ ሞልታ፣ ራሷ ሰምታ አረጋግጣ፣ ራሷ አስረከበች።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የምናሴ ጥፋት ምን ነበር? ስንፍና ነው? ልጁ ሰነፍ አይደለም። ክፋት ነው? አይደለም ብዬ አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ። ሲሠራ በራሱ ዓይን ሠራ፤ ሠርቶ ሲጨርስም በራሱ ዓይን አየና ይሠራል አለ። ለእሱ ይሠራል። ላፕቶፑ ግን የእሱ አይደለም።

እናንተ የስንቱን ሰው ኑሮ በራሳችሁ ዓይን አስተካክላችኋል?

አባትህን ከገጠር አምጥተህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጥኸው። ፍራሽ ገዛህለት፣ ሐኪም አሳየኸው፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። አባትህ ግን ገጠር በነበረበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቱ ጋር አጥር ላይ ቆሞ ስለ ድንበር ይጨቃጨቅ ነበር። ሃያ ዓመት ተጨቃጭቀዋል። አንተ ከዚያ ጭቅጭቅ ገላገልሁት ትላለህ። እሱ የሚነሣው ለዚያ ጭቅጭቅ እንደነበረ ማን ይንገርህ? አሁን መስኮት አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ደም ግፊቱም ደህና ነው። ይሠራል እኮ ትላለህ።

ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ባሏን የቀበረችውን ሴት በቃሽ፣ ይበቃሻል አላችኋት። ስሙን ስትጠራ ወሬ ቀየራችሁ። ፎቶውን ከግድግዳ አወረዳችሁ፣ እንዳታየው ብላችሁ። በሦስተኛው ቀን ዝም አለች። እናንተም ተጽናናች ብላችሁ ወደየቤታችሁ ሄዳችሁ። ተጽናንታ ነው ዝም ያለችው?

ለምን፣ ለምን እያለች የምታስቸግርሽ ልጅሽስ? በቁጣም በምክርም አስተካከልሻት። አሁን አትጠይቅም። ጨዋ ሆነች ይሉልሻል፤ አንቺም ደስ ይልሻል። መንገዷን ታገኝ የነበረው በመጠየቅ ቢሆንስ?

ያስቸገረን ሁሉ በሽታ ይመስለናል። የሚለፈልፈው ሁሉ ቫይረስ ይመስለናል።

እዚህ መካከል ደግሞ እንደ ቲቸር የተቀመጣችሁ አላችሁ። ሰዎች ረድተዋችኋል፣ አስተካክለዋችኋል፣ ይኸው ደህና ሆንሽ፣ ደህና ሆንህ ብለው አመስግኑን ብለዋችኋል። ውስጣችሁ ግን ጸጥ ብሏል። እናንተንም እለምናችኋለሁ፤ ተናገሩ። ቲቸር ነጠላዋን ለብሳ ዝም ብላ ብትወጣ ኖሮ ምናሴ ዛሬም በጎ ሥራ ሠራሁ እንዳለ ይኖር ነበር። አንድ ጊዜ ነገረችው፣ አልገባውም። ደገመችለት፣ አልገባውም። ከዚያ እሷ ያለችበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ ገባው።

ምናሴንም አትናቁት። ያጠፋውን ሲያውቅ አልተከራከረም። እኔ በቅንነት ነው ያደረግሁት ብሎ ሱቁ ውስጥ አልተቀመጠም። ባጃጅ ተሳፍሮ ማሳ ድረስ የሄደ፣ ዘበኛ እያስወጣው የዞረ ልጅ ነው። ከእኛ ውስጥ ቅንነታችን ያበላሸውን ነገር ፍለጋ ግማሽ ቀን የዞረ ማን አለ?

ጌታ የሠራን እሱ ነው። የሚያስፈልገንን ከእኛ ይልቅ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ስንንበረከክ አፋችንን እስክንከፍት ይጠብቀናል፤ የተምታታ ነገራችንን እስከ መጨረሻው ይሰማል። የሚያውቀው እሱ እንዲህ ከታገሠ፣ የማናውቀው እኛ ምን ያስቸኩለናል?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ቤት ስትገቡ፣ ረድቼዋለሁ ብላችሁ የምታስቡትን ሰው ፈልጉ። አጠገቡ ተቀመጡ። ስረዳህ ምን ወሰድሁብህ? በሉት። ሌላ ነገር አትጨምሩ።

መጀመሪያ «ምንም» ይላችኋል። አትነሡ፤ እዚያው ቁጭ በሉ።