ከጆሮ የጀመረው ሠዓሊ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ «ግቢ!» በሏት። ካልተባለች አትገባም። ገባች? እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ግራዝማች መሸሻ የሚባል ባላባት ነበር። መሬቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጅራፉ ረጅም። ሲያረጅ ነፍሱን አሰበና ቤተ ክርስቲያን አሠራ።

በዚያ አገር ልማድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው መልኩ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ይሣላል። ሌላም ልማድ ነበር። ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ተገልጦ ይሣላል። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ሰይጣን አንድ ዓይን፣ ይሁዳ አንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ እንኳ ግድግዳውን ባየ ጊዜ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ያውቃል።

ግራዝማች ሠዓሊ አስጠራ። የመጀመሪያው መጣና ከአፍንጫ ጀመረ። ግራዝማች ብድግ ብሎ ቢያይ፣ ግድግዳው ላይ አፍንጫ ብቻውን ተንጠልጥሏል።

«እኔ አፍንጫ ብቻ ነኝ?» አለና በጅራፍ ሸኘው።

ሁለተኛው መጣ። እሱ ደግሞ ከፊት ዙሪያ ጀመረ። ክቡን መስመር ሳይገጥመው ግራዝማች አየ።

«ቅል ነው የሣልከኝ? ጭንቅላቱ ባዶ ነው ልትል ነው?» እሱንም በጅራፍ።

ሦስተኛው ደምለው ነበር። ደምለው ወጣት ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ከሠዓሊ ቤት ሠዓሊ ቤት እየዞረ ያደገ። እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ምላሱ ግን መቼ መርጋት እንዳለባት ታውቃለች። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ አንዲት ሴት ከደጅ ተቀምጣ አገኘ። ማንጠግቦሽ ትባላለች።

«እናቴ፣ ምነው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ?»

«ልጄን አስረውብኝ ነው፣ የኔ ልጅ። አበጀ የሚባለውን። የግራዝማችን በቅሎ ሰርቀሃል ብለው። ነገ ቤተ ክርስቲያኑ ሲባረክ፣ እሱን ወደ ቆላው ወህኒ ያወርዱታል። ከዚያ ወባ ምሮት የተመለሰ የለም።»

«ዳኛው ምን አለ?»

«ዳኛው ማን ሆነና! ከሳሹም ግራዝማች፣ ዳኛውም ግራዝማች። ቃሌን የሚሰማ ጆሮ አጣሁ።»

ደምለው ቃሏን በልቡ ያዘ። ወደ ውስጥም ገባ።

ግራዝማች አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር፤ ጅራፉ ከጭኑ ላይ።

«አንተስ ከየት ነው የምትጀምረው?»

እውነቱን እንነጋገር፤ ደምለው ዕድሜውን ሙሉ ሲጀምር የኖረው ከቅንድብ ነው። የተማረውም እንደዚያው ነው። ግን የሴትዮዋ ቃል አልለቀው አለ።

«ከጆሮ ነው ጌታዬ።»

«ከጆሮ? ምነው?»

«አፍንጫ ብቻውን ያስቃል። ዙሪያው ብቻውን ቅል ይመስላል። ጆሮ ግን ብቻውንም ግርማ አለው።»

ግራዝማች ደስ አለው። «በል ጀምር!»

ደምለው ከሰሉን አነሣ። ግድግዳው ድረስ ወሰደው። መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«ጆሮዎ ተኝቷል ጌታዬ። የተኛ ጆሮ ሲሣል እንጉዳይ ይመስላል። ቀጥ የሚለው ሲሰማ ነው።»

«አዝማሪ ጥሩ!»

አዝማሪው መጣ። ግራዝማችን አንበሳ አለው፣ ነብር አለው፣ ዋርካ አለው።

«አሁንስ ነቃ?»

«ኧረ ተኝቷል። ይህን ስንቴ ሰምቶት!»

«አጋፋሪውን ጥሩ!»

አጋፋሪው መጣ። አገሩ ሰላም ነው፣ ሕዝቡ ጠግቦ ያድራል፣ ስምዎን እየጠራ ይመርቃል አለ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንኮራፋ!»

«ታዲያ ምን ይስማ?» ብሎ ጮኸ ግራዝማች።

«ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ነዋ። ከደጅ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም።»

ማንጠግቦሽን አስገቧት። ግራዝማች ገና ሲያያት አፉን ሊከፍት ቃጣ።

«እንዳይናገሩ ጌታዬ! መንጋጋ ሲነቃነቅ ጆሮ ይነቃነቃል፤ መስመሩ ይበላሽብኛል!»

ግራዝማች አፉን ገጠመ። ሴትዮዋ እጅ ነሣችና ጀመረች።

«በቅሎዋ የጠፋችው በደቦው ዕለት ነው። ልጄ ያን ቀን የእርስዎን ጤፍ ሲያጭድ ዋለ። አጫጁን ሁሉ በለጠ። እርስዎም ‹አንተ ጎበዝ!› ብለው በገዛ እጅዎ ጠላ በዋንጫ ሰጡት። ሌላ ምስክር አልጠራም፤ ምስክሬ እርስዎ ነዎት። ‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ› ይባላል። የኔ ጭብጦ እንኳ አይደል ጌታዬ፤ ልጅ ነው!»

ግራዝማች ዋንጫው ትዝ አለው። የልጁ ሳቅም ትዝ አለው። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ።

«ነቃ! አሁን ነቃ!» አለ ደምለው። ጆሮውን ሣለ። አንዱን ዓይን ሣለ። አፍንጫና አፍ ጨመረ።

ግራዝማች ግን ቃሉን በሰው ፊት ማጠፍ ሞት መሰለው። «ሂጂ፤ አስብበታለሁ» አላት።

ደምለው ከሰሉን አስቀመጠና እጁን ጠረገ።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«የኔ ሥራ እስከዚህ ነው ጌታዬ። ያኛውን ዓይን የሚጨምረውም የሚያስቀረውም የእርስዎ ፍርድ ነው።»

«እጅህን አስቆርጥሃለሁ!»

«ያስቆርጡ። ነገ ሕዝቡ ሲገባ፣ ይሁዳ አንድ ዓይን፣ እርስዎም አንድ ዓይን።»

«ሌላ ሠዓሊ አስጠራለሁ!»

«ሁለቱን በጅራፍ አባረሯቸው። አራተኛውን ለነገ ከየት ያመጡታል?»

«አስፍቀዋለሁ!»

«ያስፍቁት። ‹ያሠራው ሰው የታለ?› ይላሉ።»



ግራዝማች ግድግዳውን አየ። አንዲቱ ዓይን መልሳ አየችው። ዞሮ ሴትዮዋን አየ። አልሄደችም፤ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች።

«ልጁን ፍቱት» አለ በቀስታ።

«ምን አሉ ጌታዬ?» አለ ደምለው።

«ልጁን ፍቱት አልኩ!» ጣሪያው አስተጋባ።

አበጀን አመጡት። ማንጠግቦሽ እልልታውም ለቅሶውም አልመጣላት አለ። እጁን ይዛ ሰንሰለት የበላውን ቦታ ታሸው ጀመር።

ይኼኔ በቅሎዎቹን የሚጠብቀው ባልደራስ ከበሩ ሥር ተደፋ።

«ጌታዬ፣ በቅሎዋን ማንም አልሰረቃት! ሳልጠብቃት ቀርቼ ገደል ገባችብኝ። ፈርቼ ነው በልጁ ያላከክሁት!»

ግራዝማች ጅራፉን አነሣ። ባልደራሱ ዓይኑን ጨፈነ። ጅራፉ አየር ላይ ቆየ፣ ቆየ፣ ወረደ፤ ማንንም ሳይነካ።

«ተነሥና ቁጭ በል» አለ ግራዝማች። «አንተንም እሰማሃለሁ። ነገርህን ከሰማሁ በኋላ ነው የምፈርደው።»

ሰማውም፤ ፈረደበትም። ባልደራሱ ሹመቱን ተነጥቆ በዚያው ክረምት የማንጠግቦሽን ማሳ ሲያርስ ከረመ። ደምለውም ያንን የቀረውን ዓይን ሣለው፤ ጥለት ያለው ኩታም ተሸለመ።

አያችሁ ልጆች? ሳይሰሙ መፍረድ፣ ሳያስሩ መጫን ነው።

ተረቴን ለሌላ አድርሱ፤ የኔን ጉሮሮ በጠላ አርሱ።