ወይናም ላይ ጧፍ እፍ የማይባለው ስለ ትርፌ ነው

አንጓችን የበደላት ቸኮል ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ በወይናም ጊዮርጊስ ደጅ፣ ከቅጽሩ በር በስተግራ የተቀመጠው ጥቁር ድንጋይ የሚጠራው በትርፌ ስም እንጂ በእሱ ስም አይደለምና፣ እንግዳ ሰው ሲሰማው ትርፌ የምትባል አንዲት ክፉ ሴት የነበረች ይመስለዋል። ክፉስ ሌላ ነበር። ድንጋዩ አንድ ጎረምሳ ብቻውን የማያነሳው፣ ላዩ ጠፍጣፋ የሆነ ነው፤ ዓመት በዓመት የሚንጠባጠብበት የጧፍ ሰም እየተደራረበ እንደ ቅርፊት ሸፍኖታል። በዚያ አጥቢያ ጧፍ የለኮሰ ሰው እፍ ብሎ አያጠፋውም። በሠርግም ሆነ በክርስትና፣ በቤትም ሆነ በደጅ፣ ራሱ ነዶ እስኪያልቅ ይጠብቁታል፤ የሚጣደፍ ሰው ቢኖር ትቶት ይሄዳል እንጂ ትንፋሹን አያስጠጋበትም። ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ሳታውቅ አፏን ያሞጠሞጠች እንደሆነ አማቷ ሮጣ አፏን በመዳፏ ትከድናለች።

የድሮ ሰዎች ምክንያቱን ሲያወሩት እንዲህ ነው።

ቸኮልና ሙጬ የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። የአባታቸውን ርስት ሲካፈሉ ሽማግሎች ይህንኑ ጥቁር ድንጋይ መካከል ላይ ተክለው፣ ከድንጋዩ በላይ ያለው ለቸኮል፣ ከድንጋዩ በታች ያለው ለሙጬ ይሁን ብለው ለዩላቸው። አንጓች የሙጬ ሚስት ናት። ምላሷ ስለታም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ገበያ ስትወጣ ወንዱም ሴቱም መንገድ የሚለቅላት ሴት ነበረች ይባላል፤ ልጅ ግን አልቆመላትም። የመጨረሻውን ሕፃኗን በቀበረች ሰሞን የቸኮል ሚስት ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ቤት ሳለች ሞተች። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ አልቀው ነበርና ሕፃኗን ትርፌ አሏት፤ ከዚያ ሁሉ ሞት እሷ ብቻ ተረፈች ለማለት ነው። አንጓች ጡቷ በወተት ተወጥሮ ሌት ተቀን ያማት ነበር። ማንም ሳይጠራት ድንበሩን ተሻግራ ሄደች፣ ሕፃኗን ከሴቶቹ እጅ ተቀበለችና አጠባቻት።

ሴቶቹ ሊያጽናኗት ብለው «በልጅሽ እግር ተተካችልሽ» አሏት።

«በማንም እግር አልተተካችም» አለች አንጓች። «በገዛ እግሯ ነው የመጣችው።»

እንዲህ ሆኖ ትርፌ በሁለት ቤት አደገች። ከቸኮል ቤት ወደ አንጓች ቤት የምትወርድ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች፤ እሷን መንገድ ያወጣት የትርፌ እግር ነው ይባላል። ድንበሩ ጋ ስትደርስ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብላ በእጇ የያዘችውን ቆሎ ጨርሳ ነበር የምታልፈው፤ «ድንጋያችን» ትለው ነበር።

ከዚያ ሙጬ ሞተ። አንጓች ጸጉሯን ተላጭታ፣ ማቋን ለብሳ፣ በባሏ መደብ ግርጌ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ ማሳ አትወርድም፣ ገበያ አትወጣም ነበር። ጊዜው ደግሞ የእርሻ ጊዜ ነው። እንደሚነገረው ቸኮል መጀመሪያ ያሰበው የወንድሙን ማሳ አርሶ ሊሰጣት ነው፤ ለዚህም ብሎ በሬዎቹን አወረደ። ሲያርስ ግን ከድንጋዩ በታች ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ መሆኑን እርፉን የያዘው እጁ አወቀ፤ የእሱ ወገን ጭንጫ ነበር። ልጅ የሌላት ሴት መሬት ኋላ ለማን ሊሆን ነው፣ ለእኔው ልጅ አይደል ወይ፣ ብሎ ራሱን አባበለ። መቸም ሌባ ሲባል ሲሰርቅ ለልጁ ነው፤ ለራሱ የሰረቀ ሌባ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ድንጋዩን ነቀለና በበሬዎቹ እያስጎተተ፣ በሙጬ ማሳ ውስጥ እስካለው ዋርካ ድረስ አውርዶ ተከለው፤ የነቀለበትንም ጉድጓድ ሞልቶ አረሰበት።

ለአንጓች የነገረቻት ራሷ ትርፌ ናት። ከሐዘን ቤት ገብታ ጉልበቷ ላይ ተቀመጠችና፣

«እቴቴ፣ ድንጋይ ይሄዳል እንዴ?» አለቻት።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ድንጋያችን ሄዷል። አሁን ዋርካው ስር ተቀምጧል። ደክሞት ነው መሰለኝ።»

አንጓች ሳቀች፤ ሙጬ ከሞተ ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ወዲያው ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ።

ተዝካሩ እንደወጣ ከሰሰችው። ሽማግሎች በጊዮርጊስ ደጅ ተቀመጡ፤ አገሬውም ተሰበሰበ። ቸኮል ድንጋዩ ርስት ከተካፈልን ጀምሮ ዋርካው ስር ነው ብሎ ካደ፤ አልፎም ሊያሾፍባት ፈለገና፣

«እስቲ ንገሩኝ፣ ድንጋይ እግር አለው እንዴ?» አለ።

«እግርማ የለውም» አለች አንጓች። «ያንተን ትከሻ ተውሶ ነው የሄደው።»

ሽማግሎቹ ምስክር ጥሪ ሲሏት ግን ማንንም አልጠራችም። ድንበሩን የለዩት የድሮ ሽማግሎች ሞተው አልቀዋል፣ ድንጋዩ መሄዱን ያስተዋለች ደግሞ ትርፌ ብቻ ናት፤ ልጅን ከአባቷ ፊት አቁማ አባቷን ሌባ ማሰኘት አልሆነላትም። ስለዚህ መሐላ ጠየቀች። የዚያ አገር መሐላ በጧፍ ነበር፤ የሚምለው ሰው ዋሽቼ እንደሆነ እንዲህ ያጥፋኝ ብሎ የነደደውን ጧፍ እፍ ይለዋል። ሽማግሎቹ በራሱ ይማል ብለው ሲወስኑ አንጓች ተነሳች።

«በራሱ? እሱ ቢጠፋ ማን ይፈልገዋል ብላችሁ ነው! በትርፌ ይማልልኝ።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። መምሬ ላቀው፣ የሁለቱም የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ፣ አልሳቁም።

«ተይ አንቺ ልጅ። ያጠባሻት እኮ ናት።»

«ያጠባኋት ስለሆነች ነው አባቴ። እኔ አውቀዋለሁ፣ አይምልባትም። አሁን ድንጋዬን ተሸክሞ ሲመልስ ታያላችሁ።»

ይህን ያለችው ከልቧ ነበር ይባላል። ሌባ ቢሆንም አባት ነው ብላ አምናው ነው፤ ባታምነው ኖሮ ባልጠየቀችው። ቸኮል ደግሞ ሕዝብ ስቆበታል፤ አሁን ቢያፈገፍግ በሰው ሁሉ ፊት ሌባ መሆኑ ነውና፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ «ጧፉን አምጡ» አለ። ትርፌ በሰው እግር መካከል እየተሹለከለከች ስትጫወት ነበር፤ ጧፉን ስታይ እኔ ልያዘው ብላ እጇን ዘረጋች፣ አንዱ ልብ የሌለው ሰውም ሰጣት። ቸኮል ጎንበስ ብሎ «ዋሽቼ እንደሆነ ትርፌን እንዲህ ያጥፋት» አለና እፍ አለው። ጭሱ ወደ ልጅቱ ዓይን ሄደ። እሷ ግን ጨዋታ መስሏት እየሳቀች፣

«አባዬ፣ እንደገና ይብራልኝ! አሁን ደግሞ እኔ እፍ ልበል» አለች።

 የጧፉን ቁራጭ የተቀበላት አልነበረምና ይዛው ሄደች፤ በኋላ አንጓች ቤት የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሻጠችው።

መሬቱ ለቸኮል ሆነ። አንጓች ከሸንጎው ስትወጣ፣ በተሰረቀው መሬት ላይ ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ ብላ ማለች፤ ቀጭኗ መንገድ ደግሞ በዚያው መሬት መካከል ነበር የምታልፈው። ትርፌ መሐላም ድንበርም አታውቅምና መመላለሷን አልተወችም። በዚያ ዓመት ከዋርካው በላይ እንደበቀለው ያለ ጤፍ ታይቶ አይታወቅም ይባላል። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጤፉ ሳይታጨድ፣ ትርፌን ንዳድ ያዛት።

መምሬ ላቀው መጀመሪያ ወደ ቸኮል ሄዱ። አልጮሁበትም። «መጽሐፉ የባልንጀራውን ድንበር የሚነቅል ርጉም ይሁን ይላል፤ ሕዝቡም ሁሉ አሜን ይበል ይላል። አሜን ሳታሰኘኝ ድንጋዩን መልስ» አሉት። ቸኮል በልጁ ራስጌ እንደተቀመጠ፣ «ያስማለችኝ እሷ ናት፤ መጥታ ትፍታኝና እመልሳለሁ» አላቸው። ወደ አንጓች ወረዱ።

«ድንጋዬ ይመለስና እፈታዋለሁ» አለች። «ሳይመልስ ብፈታው በውሸት ከሰስኩት ማለት አይደለም?»

«ልጅቱ እየነደደች ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ እፍ ያልኩባት?»

መምሬ በትራቸውን ተደገፉ። «ዳዊት በበደለ ጊዜ ሕፃኑ ሞተ» አሉ። «ሕፃኑ ምን አድርጎ ነው ብለው ሰዎች ይጠይቁኛል። ምንም አላደረገም። እኛ ሰዎች የበደላችንን ሸክም የምንጭነው ሁልጊዜ ምንም ባላደረገው ላይ ነው። ጧፉን አንቺ አላጠፋሽውም፤ አፉ ድረስ ያቀረብሽለት ግን አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲመላለሱ ሰነበቱ። እሱም እሷ ትቅደም፣ እሷም እሱ ይቅደም እንዳሉ ነበሩ።

አንድ ቀን ማለዳ አንዲት ጎረቤት እየሮጠች ወርዳ፣ «ትርፌ እቴቴን ጥሩልኝ እያለች ነው» አለቻት። አንጓች ሁለተኛ ቃል አልጠየቀችም፤ ወተት በቅል ይዛ፣ ነጠላዋን እንኳን ሳታጣፋ ወጣች። እስከ ዋርካው ድረስ ሮጠች ነው የሚሉት። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከፊቷ የተሰረቀው መሬት ነበር፣ ከእሱ ማዶ የቸኮል ቤት ጭስ ይታያል፤ ሰው ቢጣራ ይሰማል። እግሯን አነሳች፣ መልሳ አኖረችው። ምላለች፤ ደግሞም ቸኮል ስትረግጠው ቢያያት፣ ይኸው የእኔ መሆኑን አምና ገባች ይላል። ስለዚህ ዞረች። ወደ ወንዙ ወረደች፣ ገደሉን ተከተለች፣ ፍየል እንጂ ሰው በማይወጣበት ዳገት፣ ቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። ፀሐዩ ጠንክሮ ነበር። በጓሮ በኩል ከቸኮል አጥር ብቅ ስትል የሴቶቹን ጩኸት ሰማች።

በኋላ እነዚያ ሴቶች እንደተናገሩት፣ ትርፌ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም። «እቴቴ ምነው ቆየች? መንገዷ እኮ ይቺው ናት» ትል ነበር።

በቀብሩ ላይ ቸኮል አፈር በራሱ ላይ እየነሰነሰ «እኔ ነኝ የነቀልኩት! ድንጋዩን የነቀልኩ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አንጓችን አየ፤ አሁን የምትለውን ለመስማት ነው። ለማንም መልስ አጥታ የማታውቅ ሴት ጉድጓዱን ቁልቁል ታይ ነበር። አንዱ ጠጋ ብሎ «ይኸው እውነትሽ ወጣልሽ እኮ» ሲላት፣ ቀና ብላ አየችውና «ምን ላድርገው?» አለችው። ያን ቀን ከአፏ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

አገሬው እግዚአብሔር ቸኮልን ቀጣው ይላል። መምሬ ላቀው ግን እስኪሞቱ ድረስ ይህን አልተቀበሉም ይባላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አጥፍተው ሳለ አንዲት ሕፃን የሚቀጣ ዳኛ አላመልክም፣ ጥፋታችን ግን እንደ ጎርፍ ዝቅ ወዳለው ይወርዳል፣ ከሁላችን ዝቅ ብላ የቆመችው እሷ ነበረች፣ ይሉ ነበር። ያ መሬት እስከ ዛሬ አይታረስም፤ ሣር ነው፣ በመካከሉም ቀጭኗ መንገድ አለች፣ ልጆች ሲሮጡባት ማንም አይከለክላቸውም። በጊዮርጊስ ደጅ በልጅ ስም ማስማልም ያኔ ቀረ፤ የሚጠይቅ ቢገኝ ሽማግሎቹ ተነስተው ይሄዳሉ።

ከቀብሩ በማግስቱ ጠዋት አንጓች መቆፈሪያ ይዛ ከቤቷ ወጣች። የዋርካውን ስር ድንጋይ ዙሪያውን ማሰችና ነቀለችው፤ ልታነሳው ግን አልቻለችም። ቸኮል ከላይ ሆኖ አይቷት ወረደ።

«ተይው፣ እኔ ልመልሰው» አላት። «ቦታውን አውቀዋለሁ።»

«በዚያ በኩል ያዝ» አለችው።

ግራና ቀኝ ይዘውት በተሰረቀው መሬት መካከል፣ በትርፌ መንገድ ላይ ወጡ። እግሯ ረገጠው፤ ምንም አልሆነም። ድሮ ተተክሎበት ከነበረው ቦታ ሲደርሱ ቸኮል ሊያወርደው ቆመ፤ እሷ ግን አልቆመችምና ተከተላት። እያረፉ እያነሱ እስከ ጊዮርጊስ ደጅ አደረሱትና ከቅጽሩ በር በስተግራ አስቀመጡት። አንጓች ከመቀነቷ ውስጥ ከግድግዳዋ ስንጥቅ ያወጣችውን የጧፍ ቁራጭ ፈታች፤ ከመምሬ ላቀው እሳት ተቀብላ ለኮሰችና ድንጋዩ ላይ አቆመችው። ነፋስ መጣ። በሁለት እጇ ከለለችው፤ ሰሙ ጣቶቿ ላይ ሲንጠባጠብም እጇን አላነሳችም፣ ራሱ ነዶ እስኪያልቅ ድረስ።